የእሑዷ ዜማ፦ የሙዚቀኛ ታረቀኝ አሸብር የሕይወት ጉዞ (ከ1952 እስከ 2017 ዓ.ም.)

ሙዚቀኛ ታረቀኝ አሸብር ከአባታቸው ከአቶ አሸብር ወልደሰንበት እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውድነሽ በላይነህ በጥቅምት ወር 1952 ዓ.ም. በአስመራ ከተማ ተወለዱ። ለቤቱም የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ብለን በወጉ ጀመርን። ነገር ግን ባለፈው ሐሙስ ሳምንት እዚሁ ሮም ቪያ ቮልቱርኖ ጎዳና ላይ አብረውን ምሳ የበሉ፣ የቅቅሉን አጥንት «ይኼ ለእኔ ነው» ብለው የተሻሙ ሰው፣ ዛሬ «ተወለዱ» እና «አረፉ» በሚሉ ሁለት ቃላት መካከል ሲቀመጡ ማየት ምን ይባላል? ኧረ እኛስ ገና አላመንንም። አንባቢው ድምፁ ቢቆራረጥበት ጉባኤው ይታገሠው።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው እታለም ናት። ሥርዓቱ ነውና ስለ ራሷም «እሷ» እያለች ትጽፋለች። ከ1990 ዓ.ም. ጀምሮ በዚህ ከተማ በባዳንቴነት የሰው እናትና አባት ስታስታምም፣ ዓይን ስትከድን የኖረች ሴት ናት። ሞትን አውቀዋለሁ ትል ነበር። ለካ የምታውቀው የሰውን ሞት ኖሯል።

አባታቸው አቶ አሸብር ከአስመራ አሰብ፣ ከአሰብ ደሴ የሚመላለሱ የከባድ መኪና ሹፌር ነበሩ። የሚኖሩት ከአሜሪካን ወታደሮች ሰፈር ግንብ ጀርባ ስለነበር የወታደሮቹ ሬዲዮ የሚያሰማው ሙዚቃ በየቤቱ ይገባል። ሌላው ጎረቤት ይማረርበታል። አቶ አሸብር ግን ከመንገድ ገብተው እግራቸውን ለብ ባለ ውሃ ነክረው እያዳመጡ፣ እንግሊዝኛ አንዲት ቃል ሳያውቁ፣ «ይኼ ሰውዬ ሹፌር ነው፤ አዘፋፈኑ ያስታውቃል» ይሉ ነበር። እውነታቸውን ነው። ካንትሪ የሚባለው ሙዚቃ የገበሬና የሹፌር፣ የመንገድና የናፍቆት ዘፈን ነው። ሳውዘርን ሮክ የሚሉት ደግሞ ያንኑ ናፍቆት ትንሽ አናዶ፣ ጊታሩን አስጩሆ የሚያመጣው ነው። ታረቀኝ ሁለቱንም በልጅነታቸው ከግንብ ማዶ ሰምተው ተነደፉ፤ አልዳኑም።

የመጀመሪያዋን ጊታር ያመጡላቸው አባታቸው ናቸው። አንድ ወታደር አንገቷ ተሰብሮበት የጣላትን ከሰፈሩ ወጥ ቤት ሠራተኛ ተቀብለው፣ በመኪና ብሎን አሰሩላቸው። ብሎኗ ዛሬም እዚያው ናት። በኋላ ሮም ውስጥ ጣሊያን ሙዚቀኞች ምንድን ናት ብለው ሲጠይቁ ታረቀኝ «የፊያት ናት» ይሉ ነበር። በዚያችው ጊታር መጀመሪያ የተማሩት፣ አንድ እሑድ ቀን ከሬዲዮ የሰሟትን ዜማ ነው። የዘፈኑንም የዘፋኙንም ስም አላወቁም። በቤተሰቡ ዘንድ ስሟ «የእሑዷ» ነው። ይህችን ዜማ ጉባኤው በልቡ ይያዝልን፤ እንመለስባታለን።

የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአስመራ ተከታትለው፣ በ1967 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲከፋ ከቤተሰባቸው ጋር ወደ አዲስ አበባ መጥተው በጉለሌ ተቀመጡ። የመካኒክነት ሙያ ተምረው በአንድ ጋራዥ ተቀጠሩ። በዚያም የግራ እጃቸው የቀለበት ጣት በማሽን ተጎድቶ አልታጠፍ አለ። ሰው ሁሉ ጊታሩ አከተመ ብሎ ከንፈሩን መጠጠ። እሳቸው ግን የቢራ ጠርሙስ አንገት ቆርጠው፣ ጠርዙን በድንጋይ ሞርደው፣ በደነዘዘው ጣታቸው ላይ አጠለቁና ክሮቹን በጠርሙሱ ማንሸራተት ጀመሩ። ጊታሯ ከዚያን ቀን ጀምሮ ታለቅስ ጀመር። የቀበሌው ኪነት ቡድን አባል አድርጓቸው ሳለ የሰልፍ መዝሙር ቢጫወቱም ያው ልቅሶ ሆነ። ካድሬው ሰምቶ «ይህ ጊታር አብዮቱ ያስከፋው ይመስላል» ብሎ ከቡድኑ አስወጣቸው። ታረቀኝ ይህንን ሲያወሩ እንባቸው እስኪወርድ ይስቁ ነበር። ያኔ ግን የሚያስቅ ጊዜ አልነበረም፤ በ1975 ዓ.ም. በሱዳን በኩል ከአገር ወጥተው ሮም ገቡ።

ሮም እንደ ደረሱ የሠሩት ሥራ ሁላችሁም የምታውቁት ነው። ላቫፒያቲ ሆነው ሰሃን አጥበዋል፤ ኤስኲሊኖ ገበያ ንጋት ላይ የቲማቲም ሳጥን አውርደዋል። ፔርሜሷቸው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ እስኪወጣ ድረስ የፖሊስ ጽሕፈት ቤቱን የኩዌስቱራን ደጅ ያልጠኑበት ቀን የለም። ምሽት ምሽት ግን ጊታራቸውን ይዘው ይወጣሉ። ገበያው አጠገብ የሙዚቃ መሣሪያ የሚጠግነውን አሌክስን ያገኙትም ያችን ባለብሎን ጊታር ሊያሠሩ ሄደው ነው። አሌክስ አባቱ ጣሊያናዊ፣ እናቱ አስመራ የተወለዱ ናቸው። ጊታሯን ገልብጦ ገልብጦ አየና «አሎራ፣ ይህን ብሎን ካወጣሁት ትሞታለች» አላቸው። ከዚያ በኋላ አልተለያዩም። አሌክስ አማርኛውን የተማረው ከታረቀኝ ስለሆነ የሚሳደበው እንደ ጉለሌ ልጅ ነው።

ሁለቱ ሌሎች ሁለት ጣሊያኖች ጨምረው «ቮልቱርኖ» የተባለውን ባንድ አቋቋሙ። ስሙን ያገኘው የሚለማመዱት በቪያ ቮልቱርኖ በአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት ጓዳ ስለነበረ ነው። ባለቤቲቱ ትእዛዝ ሲበዛባቸው ሶኬቱን ነቅለው ማቀዝቀዣ ይሰኩበት ነበር። ሁለት አልበም አሳትመዋል። በላዚዮ መንደሮች ሳግራ የሚባለው የምግብ ድግስ በደረሰ ቁጥር የሚጠሩት እነሱ ናቸው። ሚስኪን የመንደር ጣሊያን ቦት ጫማ ተጫምቶ፣ ኮፍያ ደፍቶ፣ በሰልፍ እየጨፈረ «ከቴክሳስ ነህ?» ይላቸዋል። «ከአስመራ ነኝ፣ ያደግሁት ጉለሌ» ሲሉት «ሲ፣ ሲ፣ ቴክሳስ» ብሎ ያቅፋቸዋል። የእኛው ሰው ደግሞ በሠርግ ላይ ሲሰማቸው መጀመሪያ «ይህ የምን የፈረንጅ ለቅሶ ነው?» ይልና ትንሽ ቆይቶ ራሱ መሐረብ ያወጣል።

በ1983 ዓ.ም. ከወይዘሮ ኣስገደት ተስፋልደት ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው በ1986 ዓ.ም. ልጃቸውን ሄራንን ወለዱ። እሳቸው በድምፅ ማጉያው ሲያስጮሁ ኣስገደት ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብላ ሹራብ ትሠራ ነበር። በ2009 ዓ.ም. እሷን በሞት ሲነጠቁ ኮፍያቸውን ሚስማር ላይ ሰቅለው ዓመት ሙሉ ጊታር አልነኩም። የነኩት እሑድ እሑድ ብቻ ነው።

የእሑዱ ነገር እንዲህ ነው። እናታቸው ወይዘሮ ውድነሽ፣ ሁላችንም እቴቴ የምንላቸው፣ ዛሬም ጉለሌ ናቸው። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ሣባ የተባለች የልጅ ልጃቸው ትጦራቸዋለች። ታረቀኝ እሑድ ከሰዓት ይደውላሉ፣ ሣባ ስልኩን ትራሳቸው ላይ ታደርጋለች፣ ታረቀኝ የእሑዷን ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይጫወታሉ። እቴቴ «እጅህ ይባረክ» ይላሉ። ከዚያ በኋላ ነው ወሬ የሚጀመረው። ድሮ በሐዋላ ቤቶች የስልክ ሳጥን ውስጥ ጊታሩን ይዘው ሲገቡ ወረፋ የጠበቀ ሰው ስንት ተራግሟል። አንድ ጊዜ ሳግራ ላይ ሆነው ሰዓቱ ሲደርስ ሽንት ቤት ገብተው ተጫውተውላቸዋል። ውጭ የቆመው ጣሊያን በሩን ሲደበድብ እቴቴ «ማነው የሚያጨበጭብልህ?» ብለው ጠየቁ።

በዚያች ዜማ ውስጥ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ አንዲት ቦታ አለች። ታረቀኝ እዚያች ጋ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይስታሉ። ዜማዋ ወደ ላይ መውጣት ሲገባት እሳቸው ወደ ታች ያወርዷትና አንዴ ያዞሯታል። አሌክስ ዋናውን ዘፈን ከአሮጌ ሸክላ ላይ ፈልጎ አምጥቶ «ታሬ፣ ይኸው ስማው፣ እዚህ ጋ ትስታለህ» ብሏቸዋል። «አውቃለሁ» ብለው ሳቁ። አልታረሙም። ባንዱም ለመደና እዚያች ቦታ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸዋል፤ አንካሳ መንገደኛ እንደሚጠበቅ። ምክንያቱን የጠየቃቸው የለም። እታለምም አልጠየቀችም።

በዚህ ዓይነት ጽሑፍ ላይ አሁን የሕመማቸው ታሪክ ነበር መነገር ያለበት። ባደረባቸው ሕመም፣ በአገር ውስጥና በውጭ ሲታከሙ ቆይተው፣ ይባላል። ምን ቆይተው! ሳይታመሙ! ራሴን እንኳ አመመኝ ሳይሉ! ሰኔ 5 ቀን 2017 ዓ.ም. ሐሙስ፣ ቪያ ቮልቱርኖ ምሳቸውን በልተው፣ ከእታለም ጋር በአጥንት ተቀላልደው፣ ጊታራቸውን አንግተው ወደ ቲቡርቲና ሄዱ። እዚያ ጣቢያው አጠገብ ሄራን በምትሠራበት የበጎ ፈቃደኞች ማዕከል ለሚያርፉት ስደተኛ ወጣቶች ሐሙስ ሐሙስ ይጫወቱላቸው ነበር። ማዕከሉ እስኪከፈት አግዳሚ ወንበር ላይ ጊታራቸውን አቅፈው ተቀመጡ። መንገደኛው ሁሉ የተኙ መስሎት አለፈ። አባቷ እንደ ልማዳቸው ሰዓት አክብረው መጡ ብላ ልትቀሰቅሳቸው የወጣችው ሄራን ናት። ሐኪሞቹ ልባቸው ነው አሉ። ልባቸው! ያ ሁሉ ሰው የሚያስገባ ልብ እንዴት እንዲህ በድንገት ጥሎን ይሄዳል? ሰዉ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ሲለን እኛ ገና «ማን ሞቶ?» ልንል ይቃጣናል።

ከዚያ ወዲህ የሆነውን ለመጻፍ እታለም ብዙ አመንትታለች፤ ግን ሳይጻፍ ቢቀር ይህ ታሪክ ጎደሎ ይሆናል።

የእኛ አገር ወግ ግልጽ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም። ለእናት ደግሞ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በማለዳ በር ተንኳኩቶ፣ ደጋፊ ግራና ቀኝ ተይዞ ነው። እቴቴ ልባቸው ደካማ ነው ተብሏል። ስለዚህ እታለም ቁርጥ አደረገች፤ ቀብሩ እስኪያልፍ እቴቴ አይሰሙም። ሣባን አስማለቻት። ሮም ላለው ሰው ሁሉ «በፌስቡክ ላይ አንድ ሻማ የለጠፈ ከእኔ ጋር ይቆራረጣል» አለች። ይህንኑ ጽሑፍ ስትጀምር እንኳ «እናታቸው በሕይወት ያሉ» የሚለውን ሰረዘች፤ ያነበበ ሁሉ ለማጽናናት ጉለሌ እንዳይደውል። ሁሉን አሰበች። እሑድን ረሳች።

እሑድ ደግሞ መምጣቷ አልቀረም። ሣባ እያለቀሰች ደወለች፤ «እማማ ስልኩን ትራሴ ላይ አድርጊልኝ እያሉ ነው፣ ምን ልበላቸው?» እታለም የወንድሟ ቤት ውስጥ፣ ሐዘንተኛ መሀል ነበረች። አሌክስ ጥግ ላይ ቁጭ ብሏል። ዓይን ለዓይን ተያዩ። አሌክስ ተነሥቶ ባለብሎኗን ጊታር ከግድግዳው አወረደ፣ የጠርሙሱን አንገት ከኮፍያው አጠገብ አንሥቶ ጣቱ ላይ አጠለቀ። ሐዘንተኛው ዝም እንዲል ተለመነ። እታለም «እቴቴ፣ ታረቀኝ ጉንፋን ይዞት ድምፁ ተዘግቷል፤ ዛሬ በጊታሩ ብቻ ነው» አለቻቸው። እቴቴም «እግዜር ይማርልኝ፤ ይጫወትልኛ» አሉ።

አሌክስ ተጫወተ። እንዲያ አድርጎ ሲጫወት ሰምተነው አናውቅም። ቤቱ ውስጥ ሰው አፉን በነጠላ አፍኖ ነው የሰማው። አለቀ። እታለም «እጅህ ይባረክ» እስኪሉ ጠበቀች። እቴቴ ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት «አሎ፣ አሎ» አለች።

«እታለም» አሉ እቴቴ፣ «ልጄ መቼ ነው ያረፈው?»

እታለም «ምን ነካዎት እቴቴ፣ ምን ዓይነት ሟርት ነው!» ልትል ሞከረች።

«ሌላ ሰው ነው የተጫወተው። አሳምሮ ነው የተጫወተው፤ እጁ ይባረክ። ግን እዚያች ጋ ወደ ላይ ወጣባት። የኔ ልጅ አይወጣባትም።»

ከዚያም ማናችንም የማናውቀውን ነገሩን። ያን እሑድ አስመራ፣ ታረቀኝ ገና ልጅ ሳሉ ሬዲዮኑን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው ያችን ዜማ ሲሰሙ፣ ሦስተኛው ዙር ላይ ድንጋዩ አለቀ። ሬዲዮኑ ጭጭ አለ። ልጁ «አለቀብኝ!» ብሎ ለቅሶውን ለቀቀው። እቴቴ ልብስ እያለቀለቁ ነበር። «አላለቀም» አሉት፤ «አላለቀም፣ ዝም በል ስማኝ» ብለው፣ የፈረንጁን መጨረሻ የት ያውቁታል፣ የመጣላቸውን አንጎራጎሩለት። ወደ ታች አወረዱትና አንዴ አዞሩት።

«ይኸው እስከ ዛሬ እሑድ በመጣ ቁጥር ያንን ነው የሚመልስልኝ» አሉ። «ዛሬ አልመለሰልኝም።»

አሌክስ ጊታሩን መሬት ላይ አስቀምጦ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ዓመታት ሙሉ ሲሰማት የኖራትን ያችን ስህተት መድገም አቅቶት አይደለም። «ለእናት የተበላሸ ነገር አይሰጥም ብዬ ነው፤ ጓደኛዬን ሳይስት ላሰማቸው ብዬ ነው» አለ። አስተካክሎ ነው ታረቀኝን የገደላቸው። እኛ ሰዎች መቼም ሰው ሳናስቀይም እናድር ብለን የማናጠፋው ጥፋት የለም። እታለም ደጋፊ አዘጋጅታ፣ ማለዳ መርጣ መርዶ ልታረዳ ስትል፣ መርዶውን ራሷ ከእናቷ አፍ ሰማች። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ አላለቀሰችም ነበር። ሩጫ ላይ ነበረቻ። ያኔ ግን ስልኩን እንደያዘች ወለሉ ላይ ተዘረገፈች፤ ጉለሌ ያሉት ዓይናቸው የደከመ እናት ናቸው ሮም ያለችውን ያባበሏት።

እቴቴ ልባቸው አልቆመም። «ስንቱን ቀብሬያለሁ» አሉ። «የምታዝኑልኝ መስሏችሁ ከእንባዬ ምነው ከለከላችሁኝ? ከሚስቱ ጎን ይረፍ፤ እሷም ብቻዋን ከረመች። እኔን ግን ከልቅሶው አታውጡኝ።»

ስለዚህ የሰረዝነውን መልሰን ጽፈናል። ሙዚቀኛ ታረቀኝ አሸብር ከልጃቸው ከሄራን፣ ከእህታቸው ከእታለም፣ ከወንድም ከማይተናነሰው ከአሌክስ፣ ከሁሉም በፊት ደግሞ ከእናታቸው ከወይዘሮ ውድነሽ በላይነህ ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ሰኔ 14 ቀን 2017 ዓ.ም. ከቤተ ክርስቲያኑ ጸሎት በኋላ በፕሪማ ፖርታ መካነ መቃብር፣ ከባለቤታቸው ጎን ይፈጸማል። መንገድ የወደደችውን ነፍሳቸውን አምላካችን መንገድ ከማያደክምበት አገር ያግባልን፤ የቀረነውንም ሳንዘጋጅ የመጣብንን ይህን ቀን የምንችልበት ጉልበት ይስጠን። አሜን።

አንድ ማሳሰቢያ ቀርቷል። ቀሲሳችን እንደፈቀዱልን፣ አስከሬኑ ከግቢው ወጥቶ መኪናው ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ ከበሩ ውጭ አሌክስ የእሑዷን ዜማ ይጫወታል። ይህ ሲነበብ ሣባ ስልኩን ትራሳቸው ላይ አድርጋላቸው እቴቴ እየሰሙን ናቸው። ለአሌክስ የላኩት ቃል ይህ ነው፤ «እዚያች ጋ ስትደርስ አቁምልኝ። አላለቀም፤ እኔ አለሁ።»

ሦስተኛው ዙር ላይ ጊታሩ ዝም ሲል የጠፋበት መስሏችሁ እንዳታጨበጭቡ፣ እንዳታለቅሱም። ከስልኩ የሚመጣው የእቴቴ ድምፅ ቀጭን ነውና ሁላችሁም ዝም እንድትሉልን እንለምናለን።